ለባለ ሁለት ምት ሲሊንደር የሚሆነው መሞረጃ የቱ ነው?

የባለ ሁለት ምት ሞተር ሳይክልን ጠባይ መለወጥ የፈለገ መካኒክ ዞሮ ዞሮ የሚደርሰው ሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ነው። ባለ አራት ምት ሞተር በቫልቭ ስለሚተነፍስ ሰዓቱን የሚወስንለት ካምሻፍት አለው፤ ጠባዩ ያልጣመው ሰው ካምሻፍት ይቀይርለታል። በባለ ሁለት ምቱ የቫልቩን ሥራ በአብዛኛው የሚሠራው ፒስቶኑ ራሱ ነው። በግድግዳው ላይ የተከፈቱትን መስኮቶች፣ ማለትም ፖርቶቹን፣ ሲወጣና ሲወርድ ይከፍታቸዋል፣ ይዘጋቸዋል። ስለዚህ የአንድ መስኮት የላይኛው ጠርዝ የት ላይ እንደቆመ ሞተሩ መቼ እንደሚተነፍስ ይወስናል። ጠርዙን ሞርዶ ከፍ ያደረገ ሰው ካምሻፍት የመቀየር ያህል ሠርቷል፤ ነገር ግን የቆረጠውን መልሶ ሊለጥፈው አይችልም።

ልኩ ምን ያህል ጥቂት እንደሆነ በስሌት ማየት ይቻላል። 50 ሚ.ሜ. ስትሮክና 100 ሚ.ሜ. ርዝመት ያለው ቢዬላ፣ ማለትም ፒስቶኑን ከክራንክ ሻፍቱ የሚያገናኝ ዘንግ፣ ያለበትን ሞተር እንውሰድ። የጭስ መውጫው መስኮት ክራንክ ሻፍቱ ከላይኛው ነጥብ 90 ዲግሪ ሲዞር የሚከፈት ከሆነ በእያንዳንዱ ዙር ለ180 ዲግሪ ያህል ክፍት ይሆናል። ጠርዙ በ1 ሚ.ሜ. ከፍ ሲል ይህ ወደ 184.6 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል። ግማሽ ሚሊ ሜትር ብቻ ቢነሣ እንኳ 2.3 ዲግሪ ይጨምራል። በኃይለኛ ግራይንደር ግማሽ ሚሊ ሜትር አሉሚኒየም ለማንሣት ጥቂት ሰከንድ ይበቃል። የመሣሪያ ምርጫ ጉዳይ ከባድ የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው።

የእነዚህ መስኮቶች ቅርፅና ልክ በአንድ ወቅት የአገር ምስጢር ያህል ይጠበቅ ነበር። በምሥራቅ ጀርመን ቾፓው ከተማ የኤምዜድ ሞተር ሳይክል ፋብሪካ የውድድር ክፍል መሪ የነበረው ዋልተር ካደን እ.ኤ.አ. በ1961 ከ125 ሲሲ ሞተር 25 የፈረስ ጉልበት ማውጣት ችሎ ነበር። በሊትር ሲሰላ 200 የፈረስ ጉልበት ነው፤ አየር በግፊት ሳይሞላበት እዚህ የደረሰ ሞተር ከዚያ በፊት አልነበረም። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ የቡድኑ ጋላቢ ኤርንስት ዴግነር በስዊድን ክርስቲያንስታድ ከተደረገው ውድድር በኋላ ወደ ምዕራብ ከዳ፤ እውቀቱንም ይዞ ወደ ጃፓኑ ሱዙኪ ሄደ። በ1962 በሱዙኪ የ50 ሲሲ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ካደን በአነስተኛ በጀት የደከመበት የመስኮት፣ የማርሚታና የዲስክ ቫልቭ ጥበብ በዚህ መንገድ ከፋብሪካው ወጣ። ከዚያ ወዲህ አሜሪካዊው ጎርደን ጄኒንግስ በ1973፣ ግሬሃም ቤል ደግሞ በ1980ዎቹ ባሳተሟቸው መጻሕፍት ቀመሩ ለማንኛውም አንባቢ ተገለጠ። በቤልፋስት ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ የጎርደን ብሌር ምርምር ጉዳዩን ወደ ኮምፒውተር አሻገረው። ዛሬ የጎደለው ቁጥሩ አይደለም። ቁጥሩን ጠባብ ብረት ውስጥ ገብቶ በትክክል የሚቀርጸው እጅና መሣሪያ ነው።

መሣሪያ ሊገዙ የሚነሡ ሰዎች መጀመሪያ የሚጠይቁት ስለ ሞተሩ ጉልበት ነው፤ ስንት ዋት፣ ስንት ዙር በደቂቃ ይላሉ። በእኔ እምነት ይህ ጥያቄ መጨረሻ ላይ የሚመጣ ነው። መጀመሪያ መለካት ያለበት የሲሊንደሩ የውስጥ ስፋት ነው። ቀጥሎ የግድግዳው ማዕድን ይታያል፤ ከዚያ ለማዕድኑ የሚስማማው ቡር፣ ማለትም እየዞረ የሚቆርጠው ባለ ጥርስ ጫፍ፣ ከዚያም ቡሩን ይዞ እዚያ ቦታ የሚደርሰው እጀታ ይመረጣል። ይህን ሁሉ የሚያዞረው ሞተር ከእነዚህ በኋላ በቀላሉ ይገኛል።

ስፋቱን እንመልከት። የያማሃ አርኤክስ 100 ሲሊንደር ውስጡ 50 ሚ.ሜ. ነው። የ150 ሲሲ ቬስፓ 57፣ የዘመናዊ 125 ሲሲ የሞቶክሮስ ሞተር 54፣ የ250ው ደግሞ 66.4 ሚ.ሜ. ገደማ ነው። የ50 ሲሲ ሞተር አብዛኛውን ጊዜ ከ40 ሚ.ሜ. አያልፍም። አሁን አንድ ሰው የማሸጋገሪያ መስኮቱን፣ ማለትም ድብልቁ ከክራንክ ሳጥን ተነሥቶ ወደ ፒስቶኑ አናት የሚያልፍበትን፣ ሊሞርድ ነው እንበል። መስኮቱ የተከፈተው ወደ ሲሊንደሩ ውስጥ በጎን በኩል ነው፤ መሣሪያው የሚገባው ደግሞ ከላይ ወይም ከታች ነው። ቀጥ ያለ እጀታ ወደ ታች ይወርዳል እንጂ መስኮቱን ፊት ለፊት አያየውም። ቡሩ መስኮቱ ውስጥ እንዲገባ የእጀታው ራስ ዘጠና ዲግሪ መታጠፍ አለበት፤ የታጠፈው ራስ ከነቡሩ ቁመቱ ከ50 ሚ.ሜ. ማነስ ብቻ ሳይሆን ለመንቀሳቀሻም ቦታ ማስተረፍ አለበት። በየመሣሪያ መደብሩ የሚሸጠው ዘጠና ዲግሪ የታጠፈ የአየር ግራይንደር 6 ሚ.ሜ. ቡር ሲታሰርበት 54 ሚ.ሜ. ሲሊንደር ውስጥ አይገባም። ብዙ ሰው ይህን የሚያውቀው ከገዛ በኋላ ነው።

ሥራው ራሱም አንድ ዓይነት አይደለም። የጭስ መውጫው ቧንቧ ከውጭ በኩል ሰፊ አፍ ስላለው ቀጥ ያለ መሣሪያ ይበቃዋል፤ የካርቡሬተሩ በኩል ያለው ማስገቢያም እንዲሁ። የጭስ መስኮቱ ጣሪያ ከውጭ ሊደረስበት ይችላል፤ የመጨረሻው ቅርፅ ግን ከውስጥ መታየትና መነካት ይፈልጋል። የማሸጋገሪያዎቹ መግቢያ ከሲሊንደሩ ግርጌ በቀጥታ ይሠራል። የቀረው፣ የማሸጋገሪያዎቹ መውጫ በሲሊንደሩ ውስጥ በኩል ያለው፣ ትክክለኛውን መሣሪያ ከሌላው የሚለየው ፈተና እሱ ነው። ድብልቁ በየትኛው አቅጣጫ ተወርውሮ የሲሊንደሩን የኋላ ግድግዳ እንደሚመታና ጭሱን እንዴት እንደሚያስወጣ የሚወሰነው እዚያ ነው። በግራና በቀኝ ያሉት እኩል ካልሆኑ ጅረቱ ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል። መድረስ አስቸጋሪ ስለሆነ ብዙ ሰው የጭስ መስኮቱን አስፍቶ ማሸጋገሪያዎቹን ሳይነካ ይተዋቸዋል፤ ሞተሩም በላይኛው ዙር ብቻ የሚጮህ፣ ከታች ጉልበት የሌለው ይሆናል።

መሣሪያዎቹን ከተለመደው እንጀምር። ድሬመል የተባለውን ትንሽ የእጅ መሣሪያ የማያውቅ በቤቱ መሣሪያ የሚነካ ሰው የለም። ኩባንያውን አልበርት ድሬመል እ.ኤ.አ. በ1932 በአሜሪካ ዊስኮንሲን፣ ራሲን ከተማ አቋቋመው፤ ዛሬ የቦሽ ነው። ሞዴል 4000 የሚባለው በደቂቃ ከ5,000 እስከ 35,000 ዙር ይሄዳል፤ የሚይዘው ቡር አንገቱ እስከ 3.2 ሚ.ሜ. ነው። አንድ ወይም ሁለት ሲሊንደር ለመሥራት ለሚፈልግ ሰው አይናቅም። ጠርዝ ያስተካክላል፣ ያለሰልሳል፣ የጋስኬትና የቧንቧ አለመገጣጠምን ያርማል። ድክመቱ ጉልበቱ ያለው በከፍተኛ ዙር ላይ መሆኑ ነው፤ ዝቅ ተደርጎ ጊዛ፣ ማለትም ካስት አይረን፣ ላይ ሲጫኑት ይቆማል። ለረጅም ጊዜ በጭነት ሲሠራ ይግላል፣ ካርቦኑና ኩሽኔቱም ያልቃሉ። አካሉ ወፍራም ስለሆነ ራሱ ሲሊንደር ውስጥ አይገባም፤ አብሮ የሚሸጠው ቀጭን ተጣጣፊ ዘንግ ይህን በከፊል ይፈታል፣ ዘጠና ዲግሪ የሚያጥፈው ተቀጥላ ግን ለማሸጋገሪያ መስኮት ትልቅ ነው።

የኤሌክትሪክ ግራይንደሩ፣ ለምሳሌ ማኪታ የሚሠራው 6 ሚ.ሜ. ኮሌት፣ ማለትም የቡር መያዣ፣ ያለውና 25,000 ዙር የሚሄደው ዓይነት፣ ከዚህ ፈጽሞ የተለየ ጉልበት አለው። ለባለ አራት ምት የሲሊንደር ራስ ቧንቧና ለጭስ መውጫው ጥልቅ ክፍል ይሆናል። ለባለ ሁለት ምት መስኮት ጠርዝ ግን አልመክረውም። ዙሩን መቀነስ የማይቻልበት ሞዴል በተለይ ከዚህ ሥራ መራቅ አለበት። ባለ አራት ምት ላይ እጅ ቢያመልጥ የሚቧጨረው የቧንቧ ግድግዳ ነው። እዚህ ግን የሚቧጨረው ፒስቶኑና ፋሻው፣ ማለትም የፒስቶኑ ቀለበት፣ በየዙሩ የሚታሹበት ግድግዳ ነው፤ በአንድ ቅጽበት መዝለል ሲሊንደሩ ለቦሪንግ ወይም ለአዲስ ሽፋን ይዳረጋል።

በአየር የሚሠራው ግራይንደር ቀላል ነው፣ አይግልም፣ በጣት ጫና ዙሩ ይታዘዛል። ጥሩ ኮምፕረሰር ያለው ጋራዥ ሊመርጠው ይችላል። ችግሩ የሚጠጣው አየር ነው። በሳጥኑ ላይ የሚጻፈው የአየር ፍጆታ፣ በደቂቃ 110 ሊትር ገደማ የሚለው፣ መሣሪያው አልፎ አልፎ ሲነካ የሚወጣ አማካይ ነው፤ ሳያቋርጥ ሲሠራ ፍላጎቱ ብዙ እጥፍ ያድጋል። የቤት ውስጥ ትንሽ ኮምፕረሰር ይህን ስለማይችል ሠራተኛው አንድ ደቂቃ ሞርዶ ሦስት ደቂቃ ይጠብቃል። አዲስ አበባ ላለ ባለሙያ ሌላም ነገር አለ። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ስለሆነች የአየሩ ግፊት የባሕር ዳርቻውን ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ ኮምፕረሰሩ በእያንዳንዱ ምት የሚስበው አየር በዚያው ልክ ስለሚያንስ ታንኩ ለመሙላት ይቆያል። ኮምፕረሰር የሚገዛ ሰው በሳጥኑ ላይ ካለው ቁጥር ይህን ቀንሶ ማሰብ አለበት።

ወደ ዋናው እንምጣ። ሲሊንደር መሞረድን ሙያቸው ያደረጉ ሰዎች ለብዙ ዓመታት የተመረኮዙት በተንጠልጣይ ሞተርና በተጣጣፊ ዘንግ ላይ ነው። ወርቅ ሠሪ ጠረጴዛ አጠገብ ከመንጠቆ ላይ የተንጠለጠለ ሞተር፣ ከሱም የሚወርድ ጥቁር ገመድ መሳይ ዘንግ ያየ አንባቢ ያውቀዋል። በዚህ ሥራ ስሙ የገነነው የአሜሪካው ፎርደም ሲሆን ከ1922 ጀምሮ ተጣጣፊ ዘንግ ይሠራል። ኤስአር የሚባለው ሞተሩ አንድ ስድስተኛ የፈረስ ጉልበት ያለውና እስከ 18,000 ዙር የሚሄድ ነው። ቲኤክስ የሚባለው አንድ ሦስተኛ የፈረስ ጉልበት አለው፤ ዙሩ ወደ 15,000 ዝቅ ያለ ነው። ዙር ያሳደደ ገዢ የመጀመሪያውን ይመርጣል። ጊዛና አሉሚኒየም ለሚቆርጥ ሰው ግን ሁለተኛው ይሻላል፤ ዝቅ ባለ ዙር ላይ ሳይቆም የሚገፋው የመጠምዘዝ ጉልበቱ ነውና።

የዚህ መሣሪያ ትልቁ በጎነት በእጅ የሚያዘው ክፍል ሞተር የሌለበት መሆኑ ነው። ክብደቱ መንጠቆው ላይ ይቀራል፤ እጅ ውስጥ የሚገባው ቀጭን እጀታ ብቻ ነው። እጀታው በቀላሉ ይቀየራል፤ ለጭስ ቧንቧው 6 ሚ.ሜ. ቡር የሚይዝ ወፍራም እጀታ፣ ለጠርዝ ቀጭን፣ ለማሸጋገሪያው ደግሞ ዘጠና ዲግሪ የታጠፈ ትንሽ ራስ ይገጠማል። ሲሲ ስፔሻሊቲ የተባለ አሜሪካዊ አምራች በተለይ ለባለ ሁለት ምት ሲሊንደር ብሎ ያዘጋጃቸው የታጠፉ እጀታዎች በሙያው ውስጥ የታወቁ ናቸው። ዙሩ በእግር ፔዳል ይታዘዛል። የፔዳሉን ጥቅም በወረቀት ላይ ማሳየት ያስቸግራል። ሁለት እጅ ሲሊንደሩንና እጀታውን ይዞ ዓይን ጠርዙ ላይ ሲያርፍ፣ ቡሩ መንጠር ሲጀምር እግርን ማንሣት ከማንኛውም የእጅ ማብሪያ ይቀድማል። በሱቅ ዋጋ ለመቀነስ ፔዳሉን ትቶ የግድግዳ መቆጣጠሪያ የሚወስድ ሰው የመሣሪያውን ግማሽ ትቶ ይሄዳል እላለሁ።

እንከን የለውም ማለት አይደለም። ዘንጉ በጠባቡ ሲታጠፍ ይግላል፣ ይንቀጠቀጣል። ቅባት ካላገኘ ውስጡ ያለው የሽቦ ጥምዝ ያልቃል። ቡሩ መስኮት ውስጥ ተሰንቅሮ ቢቆም ዘንጉ ሊበጠስ ይችላል፤ ይህ ግን እጅና ኩሽኔት ከመጉዳቱ በፊት የሚበጠስ ፊውዝ ስለሆነ እንደ ጥፋት አላየውም፤ መለወጫ ዘንግ ገዝቶ ማስቀመጥ ነው። ትንሹ የታጠፈ ራስ ውስጥ ያሉት ጥርሶች ደቃቅ ስለሆኑ ለረጅም ሰዓት ያለ እረፍት መግፋት አይቻልም። መሞቁ በጣት ከተሰማ ማቆም ይገባል።

ከጥርስ ሕክምና ቤተ ሙከራ የመጣው ማይክሮሞተር የቅርብ ተፎካካሪው ነው። ሞተሩ ራሱ እጀታው ውስጥ ነው፤ በገመድ ከትንሽ መቆጣጠሪያ ሳጥን ጋር ይገናኛል። የጃፓኑ ኤንኤስኬ ናካኒሺ ካርቦን የሌላቸው እስከ 50,000 ዙር የሚሄዱ ዓይነቶች አሉት፤ የኮሪያው ሳኤሺን ስትሮንግ የሚለው ደግሞ በርካሽ ይገኛል፤ ተመሳስሎ የተሠራበትም ብዙ ነው። ንዝረቱ ከተጣጣፊ ዘንግ እጅግ ያነሰ ስለሆነ ለጠርዝ ማጠናቀቅ አቻ የለውም። የሚይዘው ቡር አንገቱ 2.35 ወይም 3 ሚ.ሜ. ነው። የጥርስ ሐኪሞች የሚጠቀሙበት የታጠፈ ራስ ሲገጠምለት ከነቡሩ ከ25 ሚ.ሜ. ብዙም ስለማያልፍ 40 ሚ.ሜ. ሲሊንደር ውስጥ እንኳ ይንቀሳቀሳል። እዚህ ላይ ግን መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ ያ ራስ የተሠራው ለጥርስ ነው። ጊዛ ላይ ሲጫኑት ቶሎ ይላላል። አሉሚኒየም ለማስተካከልና በድንጋይ ለማለስለስ ልጠቀምበት እችላለሁ፣ ብዙ ብረት ለማንሣት ግን አልሞክረውም። በደቂቃ ከ300,000 ዙር በላይ የሚሄደውን የሐኪም የአየር ተርባይን ለዚህ ሥራ የሚያስብ ካለ ይተወው። ዙር እንጂ ጉልበት የለውም፤ ብረት ሲነካ ይቆማል።

ማይክሮሞተሩ አንድ ሌላ በጎነት አለው፤ ወደ ኋላም ይዞራል። የቡር ዙር ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሆነ በግራው መስኮት ጠርዝ ላይ በጸጥታ የሚቆርጠው ቡር በቀኙ ጠርዝ ላይ እየዘለለ ወደፊት ሊሮጥ ይሞክራል። ግራና ቀኙ እኩል የማይሆኑበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። የተለመደ ባለ ጥርስ ቡር ወደ ኋላ ሲዞር አይቆርጥም፤ ድንጋይና አልማዝ ግን ጥርስ ስለሌላቸው በሁለቱም አቅጣጫ ይሠራሉ። ስለዚህ ሸካራው ሥራ በተጣጣፊ ዘንግ አልቆ የመጨረሻው ማስተካከል አቅጣጫ በሚለውጥ ማይክሮሞተርና በድንጋይ ሲሆን ሁለቱ መስኮቶች ይመሳሰላሉ። አብዛኛው ተጣጣፊ ዘንግ ሽቦው ለአንድ አቅጣጫ የተጠመዘዘ ስለሆነ ወደ ኋላ ማዞር ይፈታዋል።

ማዕድኑ የቡሩን ምርጫ፣ ቡሩም የዙሩን ልክ ይወስናል። ቀደም ያሉት ሲሊንደሮች በአሉሚኒየም ውስጥ የተቀመጠ የጊዛ ሊነር አላቸው። ጊዛ ለተንግስተን ካርባይድ ቡር ይታዘዛል፤ ጥርሱ እርስ በርሱ የተቆራረጠው ድርብ ዓይነት ንዝረቱ ስለሚቀንስ ለዚህ ተመራጭ ነው። ከሊነሩ ጀርባ ያለው አሉሚኒየም ግን ያንኑ ደቃቅ ጥርስ ወዲያው ይደፍነዋል። ለአሉሚኒየም ሰፋፊ ነጠላ ጥርስ ያለው ቡር ያስፈልጋል፤ ጥርሱ ላይ በየጊዜው ሻማ ማሸት ወይም ጥቂት ነጭ ጋዝ መቀባት መለጠፉን ይከላከላል። ነጭ ጋዙ ግን ካርቦኑ ብልጭታ ከሚያወጣ ሞተር መራቅ አለበት፤ ሻማው ይሻላል።

በኒኬልና በሲሊኮን ካርባይድ የተለበጡት ሲሊንደሮች ጉዳይ ለብቻው ነው። የጀርመኑ ማህለ ኒካሲልን እ.ኤ.አ. በ1967 ያወጣው ለቫንክል ሞተር ነበር፤ ዛሬ የሞቶክሮስ ሞተር ሁሉ በዚህ ወይም በመሰሉ ሽፋን ይሠራል። ሽፋኑ አብዛኛውን ጊዜ ከ0.1 ሚ.ሜ. አይወፍርም፤ እጅግ ጠንካራ ነው፤ ከአሉሚኒየሙ ጋር ያለው ቁርኝት ግን ጠርዝ ላይ ሊላቀቅ ይችላል። ካርባይድ ቡር ሲነካው ይሰነጥረዋል፣ ራሱም ይደንዛል። ስለዚህ ሽፋኑ የሚቆረጠው በአልማዝ ጫፍ ወይም በደቃቅ ድንጋይ ነው፤ ከጀርባው ያለው አሉሚኒየም ከዚያ በኋላ በካርባይድ ይሰፋል። ጫፉ ሁልጊዜ ሽፋኑን ወደ አሉሚኒየሙ እየገፋ መዞር አለበት፤ ወደ ሲሊንደሩ ውስጥ እየጎተተ ከዞረ ሽፋኑን ይነቅለዋል። እዚህም ላይ አቅጣጫ የሚለውጥ መሣሪያ ያለው ሰው ተጠቃሚ ነው። ብዙ ሥራ ለሚጠይቅ ሲሊንደር ሞርዶ ጨርሶ እንደገና ማስለበጥ ንጹሑ መንገድ ነው።

ዙርን በተመለከተ ዋናው ነገር የቡሩ ጠርዝ ብረቱን የሚነካበት ፍጥነት ነው፤ እሱም የቡሩ ስፋትና የዙሩ ብዛት ውጤት ነው። 3 ሚ.ሜ. ቡር በ35,000 ዙር ሲሄድ የጠርዙ ፍጥነት በደቂቃ 330 ሜትር ገደማ ነው። 6 ሚ.ሜ. ቡር 377 ሜትር የሚደርሰው በ20,000 ዙር ብቻ ነው። 12 ሚ.ሜ. ቡር በ25,000 ዙር ቢሄድ ከ940 ሜትር ያልፋል፤ ይህ ለጊዛ ብዙ ነው፣ ቡሩንም ያቃጥላል። ትልቅ ቡር ቀርፋፋ ዙር፣ ትንሽ ቡር ፈጣን ዙር ይፈልጋል። ለዚህ ነው አንድ ቋሚ ዙር ያለው መሣሪያ ምንም ያህል ኃይለኛ ቢሆን ለሁሉም የማይሆነው። አንገተ ረጅም ቡር ላይ ደግሞ የባሰ አደጋ አለ። በአየር ላይ በሙሉ ዙር ከተለቀቀ አንገቱ ይጎብጥና ሊበር ይችላል፤ መጀመሪያ ቧንቧው ውስጥ ከገባ በኋላ፣ ዝቅ ባለ ዙር ብቻ መነሣት አለበት። ዓይንን በመነጽር፣ አፍንጫን ደቃቅ ብናኝ በሚከለክል ጭምብል መሸፈን ግዴታ ነው፤ ደቃቅ ቁርጥራጩ እንደ መርፌ ስለሆነ ጓንት ያላደረገ እጅ ማታ ላይ ይመሰክራል።

ግዢው ላይ የአማርኛ አንባቢ የሚገጥመው አንድ ጉዳይ አለ። ጥሩ መሣሪያ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ከአሜሪካ፣ በዘመድ ሻንጣ ነው። የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት ነው፤ የኢትዮጵያው 220፣ የእስራኤልና የአውሮፓው 230 ነው። ባለ ካርቦን ሞተር ያለ መቀነሻ ትራንስፎርመር 220 ላይ ቢሰካ በጥቂት ሰከንድ ይቃጠላል። ትራንስፎርመሩም የሞተሩን ዋት በሰፊው የሚሸከም መሆን አለበት። ፎርደምም ሌሎቹም ለ230 ቮልት የተሠራ ስላላቸው ላኪውን አስቀድሞ ይህን ማሳሰብ ከሁሉ ይቀላል። የአሜሪካ ኮሌት በኢንች ነው፤ አንድ ስምንተኛ ኢንች 3.175 ሚ.ሜ. ስለሆነ 3 ሚ.ሜ. ቡር በደንብ አይያዝበትም፤ ላልቶ የሚዞር ቡር ደግሞ ሲሊንደር ያበላሻል። የቡሩና የኮሌቱ ልክ ከአንድ አገር ይሁን።

ገንዘቡ ውስን ለሆነ ሰው ምክሬ እንዲህ ነው። ለሞተሩ ርካሹን፣ ለእጀታውና ለቡሩ ውዱን። ተመሳስሎ የተሠራ ተንጠልጣይ ሞተር ዝቅተኛ ዙር ላይ ጥቂት ቢያንገራግርም ይሠራል፤ ኩሽኔቱ የላላ የታጠፈ ራስ ግን ቡሩን ያወዛውዛል፣ የተወዛወዘ ቡርም የተለካ ጠርዝ አይቆርጥም። ካርባይድ ቡር ሃያ የሚይዝ ርካሽ ሳጥን ከመግዛት ክብ አፍ፣ እሳት መሳይና ሲሊንደር መሳይ የሆኑ አራት ወይም አምስት ጥሩ ቡሮች ይበቃሉ። ሲሊንደሩን ብዙ ጊዜ የማይሠራ ሰው የድሬመል ዓይነት መሣሪያ ይዞ በጭስ መውጫውና በማስገቢያው ቢወሰን፣ ማሸጋገሪያዎቹን በሞረድ ብቻ ቢነካ ከእኔ ተቃውሞ አይገጥመውም።

ሞረድን ያነሣሁት ለማሟያ አይደለም። ጫፋቸው የጎበጠ ትናንሽ ሞረዶች፣ የድንጋይ ዘንጎችና በእንጨት ላይ የተጠቀለለ የብርጭቆ ወረቀት ሞተር ባለበት ጠረጴዛ ላይም መቅረት የለባቸውም። ቅርፁ በቡር ወደ ልኩ ሲቀርብ የመጨረሻዋን ሩብ ሚሊ ሜትር በእጅ መጨረስ የተሻለ ነው፤ ሞረድ አይሮጥም። በመጀመሪያ በሲሊንደሩ ውስጥ ወረቀት ጠቅልሎ በእርሳስ በማሸት የመስኮቶቹን ካርታ ማንሣት፣ ጠርዞቹን በማርከር ቀብቶ አዲሱን መስመር በሹል ብረት መጫር፣ ግድግዳውን በወፍራም ፕላስቲክ መሸፈን ይገባል። ሙያው የሚቀበለው ወሰንም አለ። መሐሉ ድልድይ የሌለው የጭስ መስኮት ስፋቱ ከሲሊንደሩ ስፋት ከ70 ከመቶ ገደማ በላይ ሲሄድ ፋሻው ወደ መስኮቱ እያበጠ ይሰበራል፤ በ54 ሚ.ሜ. ሲሊንደር ይህ 38 ሚ.ሜ. አካባቢ ነው። መስመሩ ወሰኑን አልፎ ከተጫረ የትኛውም መሣሪያ አያድንም።

ከሁሉ በኋላ የሚቀረው ጠርዞቹን መስበር ነው። የተሞረደ መስኮት ጠርዙ ስለታም ስለሆነ ፋሻው ሲያልፍበት ይያዛል፤ በመጀመሪያው ግልቢያ ሊሰበርም ይችላል። በጊዛ ላይ በደቃቅ ድንጋይ፣ በተለበጠ ሲሊንደር ላይ በአልማዝ ሞረድ የላይና የታች ጠርዙ ቀስ ብሎ ይለዝባል። ለዚህ ሥራ ሞተር ያለው መሣሪያ አልጠቀምም። ሲሊንደሩ ከዚያ በሳሙናና በሙቅ ውሃ ታጥቦ፣ ማሸጋገሪያዎቹ ውስጥ የተደበቀው ብናኝ በአየር ተነፍቶ፣ ዘይት ተቀብቶ አዲሱን ፋሻ ይጠብቃል።